ቺፑስ ርካሽ ነው፤ ቀዳዳው ነው የፈጀኝ

እናንተዬ፣ ዛሬስ ይውጣልኝ። ሞጁላር ሲንተሳይዘር በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች «ይሄማ ለጀማሪ ነው፣ አንድ ከሰዓት ይበቃሃል» ሲሏችሁ ወዲያው ኪሳችሁ እንዳትገቡ። ሰርኪዩቱ ላይ አልዋሹም። ከሰርኪዩቱ ውጪ ያለውን ጣጣ ነው ጭጭ ያሉት።

ለማታውቁት፣ ሞጁላር ማለት ድምፅ አመንጪው፣ ፊልተሩ፣ ድምፅ መጠኛው ሁሉ ለየብቻ ተሠርቶ በገመድ የሚገናኝበት ሲንተሳይዘር ነው። ዛሬ ብዙው ሰው የሚሠራው በዩሮራክ ልክ ነው፤ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ያመጣው። የፓነሉ ቁመት 128.5 ሚሊሜትር፣ ኃይሉ ፖዘቲቭ 12 እና ኔጋቲቭ 12 ቮልት። እኔም የምኖረው እዚሁ ጀርመን ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

የሁሉም መጀመሪያ ሲዲ40106 የምትባል ቺፕ ናት። ውስጧ ስድስት በር አለ። አንዱ በር ላይ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ስታደርጉበት ይጮኻል፤ ስድስቱም ላይ ካደረጋችሁ ስድስት ድምፅ። ዋጋዋ ከአንድ ዩሮ በታች። እሰይ! ግን ስድስት ድምፅ ስድስት ፖቴንሽዮሜትር (እየተዞረ ድምፁን የሚቀይረው) ይፈልጋል፣ ስድስት ማዞሪያ ቆብ፣ ስድስት ጃክ (የገመድ መሰኪያ)። ማዞሪያዎቹ ብቻ የቺፗን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። የፖስታውን ተዉት፣ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ፓነሉ ይመጣል። አሉሚኒየም። ለጃክ 6 ሚሊሜትር፣ ለፖቴንሽዮሜትር 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ። ምልክት ታደርጋለህ፣ በሹል ብረት ነጥብ ትመታለህ፣ ድሪሉን ታስነሳለህ፣ ጫፉ ሽርተት ይልና ግማሽ ሚሊሜትር ይስታል። ግማሽ ሚሊሜትር! ጃኮቹ ቦርዱ ላይ ተበይደው በአንድ መስመር ስለቆሙ አንዷ ቀዳዳ ከሳተች አምስቱ ገብተው ስድስተኛው እምቢ ይላል። ሞረድ ታነሳለህ። ስትሞርድ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሲሰፋ ዳዶው መያዣ ያጣል፣ ሮንዴላ ፍለጋ ትሄዳለህ። ብናኙ ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ እግር ይወጋል። እማዬ በቪዲዮ ስንደዋወል ጠረጴዛውን አይታ «ያ ሬዲዮ እስካሁን አልተጠገነም?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

«እንግዲያው ኃይል የማይፈልገውን ሥራ» አሉኝ። ማልቲፕል። አንድ ጃክ ገብቶ ሦስት ሆኖ የሚወጣበት፣ ቺፕ የሌለው፣ ሽቦ ብቻ። ከዚህ የቀለለ ነገር በምድር ላይ የለም ተባለ። ለድምፅ ልክ ነው። ኖታ ግን በገመዱ የሚላከው በቮልት ነው፤ አንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ ስለሆነ አንድ ሴሚቶን (የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ) 83 ሚሊቮልት ብቻ ናት። ላኪው ሞጁል መውጫው ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ካለውና መግቢያቸው እያንዳንዱ 100 ኪሎኦም የሆነ ሦስት ተቀባዮች ከተሰኩበት፣ ከየቮልቱ 29 ሚሊቮልት ይበላል። ሦስት ኦክታቭ ከፍ ስትሉ አንድ ሙሉ ሴሚቶን ወርዶ ታገኙታላችሁ። ሦስት ኦስሌተር (ድምፅ አመንጪ) አንድ ላይ ቃኝተህ፣ አንዱን ነቅለህ ለሌላ ስታውለው የቀሩት ሁለቱ ከቅኝታቸው ይወጣሉ። መድኃኒቱ ምንድን ነው? በቲኤል072 ቺፕ ባፈር፣ ማለትም ቮልቱን ሳይቀንስ ለሁሉም የሚያድል፣ መሥራት። ባፈሩ ምን ይፈልጋል? ኃይል! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ኃይሉማ ሌላ ጉድ ነው። ያገለገለ የኃይል ቦርድ ከአንድ ሰው ገዛሁ። አሥር እግር ያለው መሰኪያ፣ ዙሪያውን የሚከልለው ፕላስቲክ የለውም፣ የገመዱ ቀይ ጠርዝ በየት በኩል እንደሚውል አልተጻፈበትም። ቀዩ የኔጋቲቭ 12 ነው፤ ገልብጠህ ከሰካኸው ቺፖቹ ያበቃላቸዋል። ሻጩን ብጠይቀው «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አለኝ። ሁሉም ሰው ማነው? እግር በእግር በመልቲሜትር እየለካሁ አመሸሁ። ደግሞ እኮ በሳንቲም የሚገዙ፣ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች ሞጁሉን ከዚህ መከራ ያድኑታል። ብዙዎቹ «ቀላል» የሰርኪዩት ሥዕሎች ላይ ግን የሉም፣ ሥዕሉ እንዲያምር ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ አላማርርም። ያቺ 40106 ከቺፕ ቺፕ ጠባይዋ ስለሚለያይ በወረቀት ያሰላኸው ኖታ አይወጣም፤ በጆሮ ነው የምትቃኛት። እኔ ደግሞ አምስቱን ድምፅ በአንቺሆዬ፣ ስድስተኛውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጌ ነው የምፈልገው። ክራር የሚቃኝ ሰውስ ካልኩሌተር ይዞ ነው እንዴ? እዚህ ላይ ደህና ነን።

በሉ አሁን፣ ጀርመን ውስጥ አንድ ፓነል ብቻ፣ መቶ እዘዝ ሳይል፣ በልኩ በስቶ የሚሰጥ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። «ራስህ ብሳው፣ ቀላል ነው» የምትሉ ግን በዚያው እለፉ።