ጨዋታውም ባለመሬትና ጭሰኛ አለው

ስለ ኦንላይን ጨዋታ ገበያ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው በዚህ ገበያ ውስጥ «ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። እየተጫወቱ ገንዘብ ይገኝበታል የተባለውን አክሲ ኢንፊኒቲ የተሰኘ የኦንላይን ጨዋታ እንመልከት። በ2021 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን ለመጀመር አክሲ የሚባሉ ሦስት ዲጂታል እንስሳት መግዛት ያስፈልግ ነበር። ዋጋቸው ሲንር በኮቪድ ሥራ ያጡ ብዙ ፊሊፒናውያን አቅማቸው አልፈቀደም። ስለዚህ ገንዘብ ያላቸው እንስሳቱን እየገዙ አዋሷቸው፤ እነሱም ተጫውተው ከሚያገኙት ኤስኤልፒ የተባለ ቶክን (በገንዘብ የሚሸጥ ዲጂታል መገበያያ) ላይ ድርሻ ይከፍሉ ጀመር። ይህ በሌላ ሰው በሬ እንደሚያርስ የእኩል አራሽ ኑሮ ነው፣ ምኑ ነው ከዜሮ መጀመር?

ቶክኑ ዋጋ የነበረው ደግሞ አዲስ ሰው እየገባ እንስሳ እስከገዛ ድረስ ብቻ ነው። የሚመረተው በዝቶ ገዢው ሲሳሳ፣ በ2021 አጋማሽ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ያወጣ የነበረው በ2022 ከአንድ ሳንቲም በታች ወረደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ኪሳራው ማን ላይ እንዳረፈ ነው። ቀድሞ ገብቶ በጊዜ የሸጠ አትርፎ ወጣ፤ ዘግይቶ፣ ምናልባትም ተበድሮ የገባው ግን ዕዳውን ታቀፈ። ስንት ቶክን እንደሚመረትና ለምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚከፈል ይወስን የነበረው የጨዋታው ባለቤት ስካይ ማቪስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ተጫዋች በዚህ ላይ ድምፅ አልነበረውም።