የፒያሳ ሊቃውንት

የጎንደር ፒያሳን ሊቃውንት ሳላመሰግን ብሞት ነውር ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንመላለሳለን። እነሱ ግን አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ኮትህን አይተው የባንክ ደብተርህን፣ ጫማህን አይተው ዘር ማንዘርህን ያነባሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ቢጠናብኝ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ፂሜን ከተላጨሁ ሳምንት አልፎኛል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሚወስደው መንገድ አንዲት እናት አዩኝና ዝቅ ብለው፣ «ይፍቱኝ አባ» አሉኝ። ምን ልበል? «እኔ እንኳ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ» ልበላቸው? «እግዚአብሔር ይፍታዎት» ብዬ ሹልክ አልሁ። (የነፍስ አባቴ ይህን እንዳያነቡብኝ።)

ከሰዓት ሠርግ ነበረብኝ። ተላጭቼ፣ ሱፌን ግጥም አድርጌ በቅዳሜ ገበያ በኩል አለፍሁ። ጠዋት «ለአባማ» ብላ ቲማቲም የመረቀችልኝ ልጅ አሁን በኪሎ ሃያ ብር ጨመረችብኝ። «ምነው?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ይቺ ምን አላት!» አለች። በግማሽ ቀን ከቄስነት ወደ ባለሀብትነት ተዛወርሁ።

ልብስ ብቻ አይደለም። ቡና ላይ አንዱ በትርፍ ጊዜዬ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። «መጽሐፍ አነባለሁ» አልሁት። «አላገባህማ» አለኝ። ማሲንቆ እሞካክራለሁ ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በእናትህ ነው በአባትህ አዝማሪ ያላችሁ?» አርሰናልን እደግፋለሁ ስለው ግን፣ «ታጋሽ ሰው ነህ» አለ። እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነው።

ሙያው የቆየ ነው። የቋራውን ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው የናቁት እዚሁ ጎንደር ቤተ መንግሥት የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። ካሳ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። መቼም አንዲት ስህተት ሙያ አታስንቅም።

የሚያሳዝኑኝ ጥር 11 ቀን ነው። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሀብታሙም ድሃውም ነጭ በነጭ ይሆናል። ምን ያንብቡ? ይህን ጭንቀቴን ጫማዬን ለሚጠርግልኝ ሊስትሮ አጫወትሁት። ቀና እንኳ አላለም።

«እኔን አይቸግረኝም፣ ሁልጊዜም የማየው ወደ ታች ነው። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ላዩ ያበራል። ሶሉ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል።»