«ፓራለል» ብሎ ሄደ፣ ስድቡ ለእኔ ቀረ

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ካልጻፍኩት ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። «አብሽሪ» የምትሉኝ ሰዎች ለዛሬ ይቅርባችሁ። ወላሂ ዛሬ አልሰማችሁም።

ያን የባካፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ስክሪፕቴን፣ ያን ትንሽ ፕሮግራም፣ ታስታውሱታላችሁ አይደል? በየቅርንጫፉ ኮምፒውተር የመጨረሻው ባካፕ መቼ እንደተወሰደ እያየ፣ የቆየበትን ለይቶ ጠዋት ጠዋት የሚነግረኝ። ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን፣ ባቲን፣ ሁሉንም። በፓወርሼል፣ በማይክሮሶፍት የስክሪፕት ቋንቋ፣ ነው የጻፍኩት። ቀርፋፋ ነበር፣ አልክድም። አንዱን ኮምፒውተር ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። የባቲ መስመር የተንቀራፈፈ ቀን ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግን ትክክል ነበር። ባካፑ የቆየበትን ኮምፒውተር ደብቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲኒየር ተላከልን። ገና ሲያየው «ይሄማ በፓራለል ነው የሚሠራው» አለ፣ ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ይታይ ማለቱ ነው። ፓወርሼል 7ን ጫነ፣ ኮምፒውተሮቹን እየዞረ የሚያየው ሉፕ ላይ ፓራለል የምትለዋን ቃል ጨመረ፣ ራን አደረገው። ፈጠነ። በጣም ፈጠነ። ሪፖርቱም ወጣ፦ «ባካፕ የቆየበት ኮምፒውተር፦ 0»። ሥራ አስኪያጃችን ደስ አላቸው። ምሳ ጋበዙት። ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ተመለሰ።

እኔ ያን ዕለት ተናግሬያለሁ። «ዜሮ ሊሆን አይችልም፣ የመጋዘኑ ኮምፒውተር ባካፑ ከቆመ ቆይቷል» ብያለሁ። «እሱ በድሮው ስክሪፕት ነው» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። በድሮው ስክሪፕት። ባካፑ መኖር አለመኖሩ በስክሪፕቱ ዕድሜ የሚወሰን ይመስል።

ዛሬ የመጋዘኑ ኮምፒውተር ዲስክ ሞተ።

ባካፕ? የለም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ሒሳብ ክፍሎች አሉ፣ ግዢ አለ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ በሩ ክፍት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ባካፕ መከታተል ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ባካፑ የታለ?»

«የለም ጋሼ። ስክሪፕቱ ከተቀየረ ጀምሮ...»

«ስክሪፕት ስክሪፕት አትበይኝ! ይሄው ሪፖርቱ። ዜሮ ይላል። ችግር ከሌለ ባካፑ የት ገባ? ወይ ሪፖርቱ ዋሽቷል፣ ወይ አንቺ ዋሽተሻል።»

«ሪፖርቱ ነው የዋሸው።»

«ኮምፒውተር ይዋሻል?»

ሒሳብ ክፍሎቹ ሳቁ። ሳቁ! በየወሩ መጨረሻ «እባክሽ ድረሽልን» እያሉ የሚደውሉልኝ ሰዎች። በዚህ አላበቃም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ለሲኒየሩ ደወሉ። ድምፁን ብትሰሙት፣ እንዴት እንደተረጋጋ። «እህቴ፣ ኮዱ ላይ ምንም ኤረር የለም። ኤረር ቢኖር ቀይ ጽሑፍ ታዪ ነበር። ኔትወርካችሁን እዩት።»

ኔትወርካችሁን! ደሜ ፈላ። እዚህ አገር የማይሠራ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ ኔትወርክ ነው። የአለቃ ልጅ ስልክ ቻርጅ አልያዝ ሲል «አንቺ አይቲ አይደለሽ እንዴ» ነው። እሑድ ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ የኤክስቴንሽን ሶኬት ተነቅሎ ነው የጠበቀኝ። እሱንም ኔትወርክ ነው ብለው ነበር የደወሉት። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ሆዴ እየተገለባበጠ ያሰብኩት ሁሉ ለአንድ ሶኬት ነበር። እሺ፣ እሱን ተውኩት። ይሄን ግን አልተወውም።

ቀይ ያልጻፈበትን ምክንያት እዚህ ልጻፈው። እዚያ ሰሚ አላገኘሁም።

«ከዚህ ቀን በፊት ከሆነ ቆይቷል» የሚለውን ቀን የያዘው ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ከሉፑ ውጭ፣ ስክሪፕቱ አናት ላይ ነው ያለው። በተለመደው ሉፕ ምንም ችግር የለውም። ውስጥ ያለው ኮድ ውጭ ያለውን ያያል። ፓራለል ሲባል ግን እያንዳንዱ ዙር የሚሠራው በራሱ ረንስፔስ፣ ለብቻው በተከለለ የሥራ ቦታ፣ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ካልነካችሁት 5 ዙር በአንድ ጊዜ ይሮጣል፣ አንዱም ውጭ ያለውን ቫሪያብል አያይም። ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁ ጓዳ ውስጥ ያለውን ጨው እጅ ዘርግታችሁ አታነሡትም። «አቀብሉኝ» ማለት አለባችሁ። ከቫሪያብሉ ስም ፊት ዩዚንግ የሚል ቃል የሚጻፈው ለዚህ ነው። ሲኒየሩ ግን አልጻፈም። ስሙን ብቻ ነው የጻፈው።

ፓወርሼል ደግሞ የማያውቀውን ቫሪያብል ስትጠሩት አይጮህም። ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። ባካፑ የተወሰደበትን ቀን ከባዶ ጋር አስተያይቶ «ከዚህ ያንሳል?» ስትሉት መልሱ ሁልጊዜ «አያንስም» ነው። የዓመት ባካፕ ቢሆንም፣ የአሥር ዓመት ቢሆንም አያንስም። ስለዚህ ሁሉም ኮምፒውተር ደህና ሆነ። የሞተውም ደህና ሆነ።

ቆይ፣ ገና ነው። ባካፕ የቆየባቸውን የሚቆጥረው ቫሪያብል፣ ቆጣሪውም፣ እንደዚያው ነው። ውጭ ዜሮ ብሎ ጀመረው፣ ውስጥ አንድ ይጨምርበታል። የሚጨምረው ግን ረንስፔሱ ውስጥ በተፈጠረው በሌላኛው ላይ ነው። ዙሩ ሲያልቅ እሱም አብሮ ይጠፋል። ውጭ ያለው ዜሮ ንቅንቅ አላለም። የቀኑ ችግር ባይኖር እንኳ ሪፖርቱ ዜሮ ይል ነበር። ቢሮው በሙሉ ቢቃጠል ዜሮ ይል ነበር። ይሄን ቁጥር ነው ፊቴ ላይ እያውለበለቡ «ወይ አንቺ ዋሽተሻል» ያሉኝ።

በጣም ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቀኑን ማመሳከሪያ ውጭ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) አድርጎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ እኮ ይጮህ ነበር። ፈንክሽንም አብሮ አይገባም፣ ግን እሱ ሲጠፋ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ብሎ በቀይ ይጽፋል። ቫሪያብል ሲጠፋ ነው ዝም የሚለው። በፓራለል በሚሮጠው ኮድ ውስጥ ስትሪክት ሞድ የምትል አንዲት መስመር ብትገባ ባዶውን ቫሪያብል ራሱ ኤረር ታደርገው ነበር። ውስጥ ነው ያልኩት። ውጭ ብትቀመጥ እሷም አትሻገርም። አንዲት መስመር! ለአንዲት መስመር ነው የመጋዘኑ መዝገብ የጠፋው። ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘግበው ልጅ አሁን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና ሊጽፈው ነው። እሱን ማን ይቅርታ ይጠይቀው? ከሰዓት በኋላ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ በየወሩ እየከመረ አየሁት። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ፓራለል ክፉ እያወራሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ7.0 ጋር የመጣ ጊዜ ደስ ብሎኛል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው 5.1 የለውም፣ ስንጓጓለት ነው የኖርነው። ግን ፍጥነት ብቻ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ያበሳጨኛል። ቪዲዮው ላይ ያለ ፓራለልና ከፓራለል ጋር ሰዓት ይያዛል፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። ቫሪያብሉ ከየት ወዴት እንደሚታይ የሚያወራ የለም። እኔ ስማር ይሄ ስኮፕ የሚባለው ነገር በአንድ ስላይድ ነው ያለፈው። ግሎባል፣ ሎካል፣ ቀጣይ ርዕስ። ትሬድ (ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ የሚሮጥ ሥራ) ሲጨመር ምን እንደሚሆን የጠየቀ ተማሪ «ወደፊት ታዩታላችሁ» ተባለ። ይሄው አየን።

ደክሞኛል። እውነቴን ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት፣ እዚህ ተቀምጣ በየቀኑ ማሽኖቹን የምታየው የምትናገረው ሁሉ ሰበብ። ነገም ሌላ ሰው ይመጣል፣ ሌላ ምሳ ይጋበዛል።

ይሄን እየጻፍኩ እያለ ደግሞ ሲኒየሩ መልእክት ላከ። «አስተካክዬዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ራን አድርጊው።» ከፈትኩት። መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ዩዚንግ ጽፎ አንድ ሊጨምርበት ሞክሯል፣ ኮሜንት አድርጎ (እንዳይሠራ አድርጎ) ትቶታል። በዩዚንግ ማንበብ እንጂ አዲስ ዋጋ መመደብ እንደማይቻል ፓወርሼል ነግሮታል ማለት ነው። ከዚያ ተራ ሃሽቴብል (ስምና ዋጋ ጥንድ ሆነው የሚያዙበት ሠንጠረዥ) ወደ ውስጥ አቀብሎ ሁሉም ትሬድ እዚያው ላይ እንዲጽፍ አድርጓል። በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚሮጥ የሚወስነውን ትሮትል ሊሚት ደግሞ 50 አድርጎታል። ተራ ሃሽቴብል ላይ 50 ትሬድ በአንዴ! እሱ እኮ ብዙ ጸሐፊ በአንዴ እንዲጽፍበት የተሠራ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ ይጠፋል፣ የጠፋው የቱ እንደሆነ አታውቁም። አሁን ደግሞ ዜሮ እንኳ አይልም። የሚታመን የሚመስል ቁጥር ይሰጠኛል። ይሄኛው ይብሳል።

መልሼ ጻፍኩለት። ውስጥ ምንም አትቁጠር፣ እያንዳንዱ ዙር ውጤቱን ወደ ውጭ ያውጣ፣ ቆጠራው ውጭ ይሁን አልኩት። የግድ የጋራ ነገር ከፈለግህ ብዙ ትሬድ በአንዴ እንዲጽፍበት የተሠራ ኮንከረንት ዲክሽነሪ አለ አልኩት። ከሁሉ በፊት ባካፑ እንደቆየ የምናውቀውን አንድ ኮምፒውተር አስገብተህ ሞክረው፣ እሱን ካላወጣ አትላክልኝ አልኩት። አውራ ጣት ላከልኝ። አውራ ጣት!

እኔ ራን አላደርገውም። ቀርፋፋውን ስክሪፕቴን መልሼ አስገብቼዋለሁ። የባቲን መስመር እየጠበቀ ይሥራ። ጋሼ ከፈለጉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ይጻፉ።