ጤፍ እየበላን ምን የደም ማነስ አለ?

በቀደም ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንድ እንግዳ ስለ ልጆች ሳንባ ምች ያወራሉ። «የብርድ በሽታ ነው፤ ከደም ማነስ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ ጤፍ እየበላን ምን የደም ማነስ አለ?» አሉ። አዘጋጁ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

ጤፍ አይረን፣ ማለትም ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን፣ አለው፣ አልካድኩም። ግን ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው። የራሱንም ቢሆን ፋይቴት የሚባለው ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ካልቦካ አብዛኛው አይረን ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆቻችን 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ጤፍ በሞላበት አማራ ክልል እንኳ 42 በመቶ። ታዲያ ጤፉ ምን ሠራ?

የጎረቤቴ ልጅ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ቁርሷ ዳቦ በሻይ፣ መክሰሷ ዳቦ በሻይ። በእናቷ አልፈርድም፤ የወተትን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ሻይ ከምግቡ ላይ አይረኑን ይነጥቃል። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ ልጆች ሲወለዱ ይዘውት የመጡት የአይረን ክምችት ያልቃል፤ የእናት ጡት ብቻውን አይበቃም። ክረምት ላይ ልጅቷ ሁለቴ ታመመች። «ብርድ መታት» ተባለ። መስኮት ተዘጋ፣ ጋቢ ተደረበ፣ ከሰል ተያያዘ። እንግዲህ የከሰሉ ጭስ ለሳንባዋ መድኃኒት መሆኑ ነው! ክሊኒክ ወሰድናት። ትንፋሿን ቆጠሩ፤ በደቂቃ ከ40 በላይ፣ የሳንባ ምች ምልክት። አሞክሳሲሊን ሰጥተው ሸኙን። መዳፏ ወረቀት መስሎ ነጥቷል፣ ይህ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ ገልጦ ያየው ሰው ግን የለም። መዳፍ ማየት ምን ያስከፍላል?

ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ሳንባዋ አየር ማስገባት አቅቶታል፤ የገባችውን ኦክስጅን የሚያደርስ የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢን፣ ደግሞ አንሷል። ነጭ የደም ሴሎችም ጀርም ለመግደል አይረን ይፈልጋሉ። ይህን «አይገናኝም» ማለት ባዶ እጁን ያለ ወታደር ለምን ተሸነፈ እንደማለት ነው።

ኢንፌክሽኑ ራሱ የደም ማነስ ያመጣል የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ያመጣል። አይረን በጅምላ ይታደልም አላልኩም። ወባ ባለባት በታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት ሳይመረመሩ አይረን የተሰጣቸው ልጆች ላይ ሆስፒታል መተኛትና ሞት ጨምሯል፤ ጥናቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ታዲያ መርምሩ ነው የሚለው! በሬዲዮ መሳቅን ከየት አመጡት?

ልጅቷ ሌላ ቦታ ተመርምራ አይረን ታዘዘላት። ሻዩ ቀርቷል፤ ምስርና እንቁላል ጀምራለች። እንግዳው በሚቀጥለው ሳምንትም ይቀርባሉ ተብሏል። ርዕሱ የልጆች አመጋገብ ነው።