ፊደሉ ሳያልቅ ንባብ ይጀመር

በመዋዕለ ሕፃናት የዓመቱ መዝጊያ ላይ ሕፃናት ሀሁን ከላይ እስከ ታች ሲወጡት ወላጅ ደስ ይለዋል። ዜማው ቆሞ የመምህሯ ጣት ገበታው መሀል «ዙ» ላይ ቢያርፍ ግን ከእነዚሁ ልጆች ብዙዎቹ ከ«ዘ» ተነስተው እየቆጠሩ ካልመጡ አያገኙትም። የያዙት የፊደሉን ተራ እንጂ መልኩን አይደለም። የቀድሞ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት ተራው ሲፋለስ ልጁ በዓይኑ ይለየው እንደሆነ ለማየት ነው። ዛሬ ይህ እርምጃ በብዙ ክፍል ተዘሏል።

ከዚህ የከፋው ልማድ ግን ገበታው ካላለቀ ቃል አይነበብም የሚለው ነው። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ምልክት ይሆናሉ፤ እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ምን እንደሚያደርግበት ሳያውቅ እንዲሸከም ይጠየቃል። አያስፈልግም። ልጁ 12 ምልክት እንደለየ ማንበብ ይችላል፣ ማንበብም አለበት።

መነሻው ግን ሀ አይሁን። ሀ እና ሃ በአማርኛ አንድ ዓይነት ይነበባሉ፤ አ እና ኣም እንዲሁ። ግዕዝ (የመጀመሪያው፣ እንደ ለ) እና ራብዕ (አራተኛው፣ እንደ ላ) በድምፅ እንደሚለያዩ ሊማር የተቀመጠ ልጅ የመጀመሪያ ምሳሌው የማይለያይ ከሆነ ሥርዓቱ ከጅምሩ ይጠፋበታል። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀም ድምፃቸው በሌላ ፊደል ስለሚገኝ እስከ አንደኛ ክፍል ቢቆዩ የሚጎድል ነገር የለም።

የሚሻለው ለ፣ ሰ፣ በ፣ መ፣ ከ እና ተን መርጦ በግዕዝና በራብዕ ብቻ መጀመር ነው። ላ፣ ሳ፣ ባ እና ካ የቀኝ እግራቸው ይረዝማል፤ ማ እና ታ የራሳቸው መንገድ ስላላቸው እንዳሉ ይለመዱ። በሳምንት ሁለት ፊደል ከነራብዑ ቢያዝ በሦስት ሳምንት ይጠናቀቃል። በእነዚህ 12 ምልክቶች በላ፣ ሰማ፣ ለበሰ፣ ተከለ፣ ላባ፣ ከተማ ይነበባሉ። «ካሳ ላባ ሰበሰበ።» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ለማ ታመመ።» እንዲሁ። «ሰማ» እና «ሳመ» ጎን ለጎን ሲጻፉ ደግሞ ልጁ እግሩን አይቶ ካልለየ ሊገምት አይችልም። ከዚህ የተሻለ የዓይን ልምምድ የለም።

ቀጥሎ ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ ሉ) ይምጣ። በላ በሉ፣ ሰማ ሰሙ፣ ለበሰ ለበሱ፦ ከጎን የተቀጠለችው ጭረት አንዱን ሰው ብዙ እንዳደረገችው ልጁ ራሱ ይደርስበታል፣ ምክንያቱም ቋንቋውን ቀድሞ ያውቀዋል። ሣልስና ኀምስ (ሦስተኛውና አምስተኛው፣ እንደ ሊ እና ሌ) ምልክታቸው እምብዛም ስለማይዋዥቅ ብዙ አያደክሙም። ሳብዕ (ሰባተኛው፣ እንደ ሎ) ላይ ግን ቀስ ማለት ይገባል። ባ የቀኝ እግሩ፣ ቦ የግራ እግሩ ይረዝማል፤ ሳ እና ሶም እንዲሁ። በመስታወት እንደታየ ምስል ስለሚመሳሰሉ ሁለቱን በአንድ ቀን አታስተምሩ። አንዱ በደንብ ከሰረጸ በኋላ ሌላው ይግባ።

ከባዱ ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ ል) ነው። መልኩ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ ድምፁም አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። ልጁ «ል፣ ብ፣ ስ» ብሎ እያንዳንዱን ነጥሎ ይጠራና «ምን ሆነ?» ሲባል ዝም ይላል፤ የጠራቸው ሦስት ድምፆች ተጣብቀው ልብስ እንደሆኑ ጆሮው አልሰማም። ስለዚህ ሳድስ መጀመሪያ በቃል መጨረሻ ይግባ፦ ቤት፣ ላም፣ ሰው። ልጁ «ቤ» ላይ ድምፁን ሳያቋርጥ እየጎተተ «ት» ላይ ይረፍ። ልብስ፣ ክንፍና ብርድ የመሳሰሉት የሚቀርቡት ይህ ሲቀለው ነው።

ይህ ማጣበቅ የጆሮ ሥራ ስለሆነ ከወረቀት በፊት በአፍ ይለመዳል። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሳ-ሙ-ና እያሉ ማጨብጨብ፣ «ከሳሙና ሳ ቢወጣ ምን ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ፣ በ«ባ» የሚጀምር ነገር ከክፍሉ ማስፈለግ። ይህን የማይችል ልጅ ላይ ፊደል መጨመር ትርፉ ድካም ነው። ድምፆችን ደጋግሞ የሚያምታታ ከሆነ ደግሞ ከመቆጣት በፊት ጆሮው ይመርመር።

መጻፍ ከንባብ ኋላ ቢዘገይ አያስጨንቅም፤ እጅ የራሱ ዕድሜ አለው። አብዛኛው ልጅ ክብ መገልበጥ የሚችለው በ3 ዓመት ገደማ፣ መስቀለኛ መስመር በ4፣ ሦስት ማዕዘን በ5 ገደማ ነው። ሰያፍ መስመር ገና ያልቻለን ልጅ «ሰ» አሳምር ማለት እጁ ያልደረሰበትን መጠየቅ ነው። እስከዚያው ሊጥ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ዶቃ መሰካት ጣቶቹን ያጠነክራል። ሲጽፍ እግሩ መሬት ይንካ፤ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ ልጅ ጉልበቱን የሚጨርሰው ሰውነቱን በማመጣጠን ነው። ግራኝ ከሆነ እርሳሱን ወደ ቀኝ እጁ አታዛውሩ፤ ወረቀቱን ብቻ ወደ ቀኝ አዘንብሉለት።

ገጽ ሙሉ «በ» ጽፈህ ና የሚለው የቤት ሥራ ቢቀር እንወዳለን። ልጁ ሲሠራው ላስተዋለ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። እስከ መስመሩ ጫፍ የግራ እግር ብቻ ያሰልፋል፣ ተመልሶ የቀኙን ያቆማል፣ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ረጅም ጭረት ይከድናል። ደብተሩ ሞልቷል፤ «በ» ግን አንድ ጊዜም አልተጻፈም። አምስት ጊዜ ይበቃል፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ እያየ፣ ከላይ ወደ ታች መጻፉን እያረጋገጠ። ከዚያ ከአምስቱ ያማረውን ልጁ ራሱ መርጦ ያክብበው።

የራሱን ቃል እንዲጽፍም ይፈቀድለት። ክንፍን «ክፍ» ብሎ ቢጽፍ ቀይ ኤክስ የሚያስተምረው ነገር የለም። ቃሉን አብራችሁ ጎትታችሁ ጥሩት፣ «ከክ ቀጥሎ ምን ሰማህ?» በሉት፤ «ን»ን ሰምቶ ራሱ ያስገባታል። ፊደል ገልብጦ መጻፍም እስከ 7 ዓመት ገደማ በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ በዚህ ብቻ ልጁን ችግር አለበት ማለት ተገቢ አይደለም።

ለትምህርት ቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የመዝጊያው ቀን የሀሁ ዜማ በካርድ ይተካ። በተማሩት ፊደላት የተሠሩ፣ ልጆቹ ግን በክፍል አይተዋቸው የማያውቁ አምስት ቃላት ይመረጡ። ትርጉም የሌላቸው «ባከመ» ወይም «ሳተበ» ቢቀላቀሉባቸው ይበልጥ ጥሩ ነው፤ በቃል የተያዘ ቃል እዚያ አይረዳም። ልጁ ከአምስቱ አራቱን ካነበበ ቀጣዮቹ ፊደላት ይሰጡት። ሁለት ብቻ ካነበበ መምህሯ አዲስ ፊደል ሳትጨምር ሁለት ሳምንት በያዘው ላይ ትቆይ፣ ወላጅም ለምን እንደሆነ ይነገረው።