ፀረ ቫይረስ ፔፕታይዶች ከላብራቶሪ መውጣት አለባቸው

ለባክቴሪያ ብዙ መድኃኒት አለን። ለቫይረስ ግን እጃችን አጭር ነው። ቫይረስ የሚራባው በራሳችን ሴል ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ እኛን ሳይነኩ እሱን መምታት ከባድ ነው። ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች የሚባሉት አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ተስፋ የሚሰጡኝ ለዚህ ነው።

ሰውነታችን ራሱ ያመርታቸዋል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኤልኤል-37 ከ37 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) የተሠራ ነው። እንስሳትም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ከአንዲት የደቡብ ሕንድ እንቁራሪት ቆዳ ኡሩሚን የተባለ ፔፕታይድ አገኙ። ኤች1 የሚባለውን የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ሰባብሮ ያጠፋል፤ አይጦችንም ከሞት አድኗል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የአንዳንዶቹ አሠራር ነው። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤችአይቪና ኮሮና የለበሱት የስብ ሽፋን ከሴላችን የተወሰደ ነው። ፔፕታይዱ እዚያ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል። ሴላችን ቢበሳ ራሱን ይጠግናል፣ ቫይረሱ ግን አይችልም። ደግሞም ሽፋኑ በቫይረሱ ጂን የተጻፈ ስላልሆነ፣ በቀላሉ ተለዋውጦ ማምለጥ ይከብደዋል። እንደ ፖሊዮ ያሉ ሽፋን የሌላቸው ቫይረሶች ላይ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ታዲያ መድኃኒቱ የታለ? ችግሩ ያለው ሰውነት ውስጥ ነው። ኢንዛይሞች ፔፕታይዱን ቶሎ ይቆራርጡታል። መጠኑ ሲጨመር አንዳንዱ ቀይ የደም ሴሎችንም ያፈርሳል። ማምረቱም ውድ ነው። ለኤችአይቪ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤንፉቪርታይድ የተባለ ፔፕታይድ በቀን ሁለት ጊዜ በመርፌ ይሰጣል፤ የተወጋው ቦታ ብዙዎቹን ታማሚዎች ያሳብጣቸዋል፣ ያማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፓ ለሄፓታይተስ ዲ (ጉበትን ለሚያጠቃ ቫይረስ) የፈቀደችው ሌላው ፔፕታይድ ቡሌቪርታይድም በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቫይረሱን አይበሱም። ወደ ሴል እንዳይገባ በሩን ይዘጋሉ እንጂ።

ስለዚህ ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች አዲስ ፔፕታይድ በተገኘ ቁጥር ማጨብጨቡን ቀነስ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። በመረጃ ቋቶች ውስጥ ሺዎች ተመዝግበዋል። የጎደለው አሰልቺው ሥራ ነው፦ ኢንዛይም የማይቆርጠው ማድረግ፣ መርዛማነቱን መቀነስ፣ ርካሽ ማምረቻ መፈለግ። ወረርሽኝ ሲመጣ ጎርፎ፣ ሲያልፍ በሚደርቅ ገንዘብ ደግሞ ይህ አይሠራም። እኔ ብሆን በአፍንጫ ከሚነፋ መድኃኒት እጀምር ነበር። የመተንፈሻ ቫይረሶች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው፣ ፔፕታይዱም በደም ውስጥ መዞር ሳያስፈልገው ያገኛቸዋል።