«መስኮቱ ተሰበረ» ያለች ልጅ ምን አጠፋች?

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆዴን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ልጄ የእንግሊዝኛ ቴስቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከ20 11 አግኝታለች። አላለቀሰችም፤ ድምጿ ግን ሰልሏል። «አባዬ፣ እስኪ አንተ እየው» አለችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ አየሁት።

«አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ቀይሩ» የሚል ክፍል አለ፤ አድራጊውን ዓረፍተ ነገር ወደ ተደራጊ አዙሩ ነው ነገሩ። ሦስተኛው ጥያቄ «ሳምዋን ብሮክ ዘ ዊንዶው» ይላል፤ አንድ ሰው መስኮቱን ሰበረ ማለት ነው። ልጄ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» ብላ ጽፋለች። መስኮቱ ተሰበረ። አራት ቃል፣ ጥርት ያለ፣ አራት ነጥቡ እንኳ ሳይረሳ። በላዩ ላይ ግን ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል፤ እስክሪብቶው ከመጠንከሩ የተነሣ ወረቀቱ በጀርባው በኩል አብጧል። ከጎኑ በዚያው በቀይ «ባይ ሳምዋን»፣ በአንድ ሰው፣ ተብሎ ተጨምሯል። ሁለት ማርክ ሄደ።

እኔ ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ እንግሊዝኛ ነው። ይህን ነገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለምሠራበት ነው ደሜ የፈላው።

ሰባሪው ካልታወቀ ወይም ማንነቱ ለወሬው ካልጠቀመ እንግሊዝኛው «ባይ» የሚለውን ጭራ ይተወዋል። ፓሲቭ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱና ዋናው ይኸው ነው። ማን እንደሰበረው ስለማላውቅ እኮ ነው መስኮቱን ያስቀደምኩት! «በአንድ ሰው» ብላችሁ ብትጨምሩልኝ ምን አወቅሁ? በአማርኛስ «መስኮቱ በአንድ ሰው ተሰበረ» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማራኪ ውጡ፣ አዘዞ ውረዱ፣ ፒያሳ መሀል ቆማችሁ ጠይቁ። ሰው «መስኮቱ ተሰበረ» ይላል፣ ጎረቤቱ «ማን ሰበረው?» ይላል፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ሰባተኛው ጥያቄ አለ፤ «ጎንደር ሃዝ ሜኒ ቸርችስ»፣ ጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ይህንን ወደ ፓሲቭ ቀይሩ ተባሉ! ልጄ ግራ ገብቷት ባዶውን ትታዋለች። ትክክለኛ ነው የተባለው መልስ በቀይ ተጽፏል፤ «ሜኒ ቸርችስ አር ሃድ ባይ ጎንደር»። ኧረ በሕግ አምላክ! ይህን ዓረፍተ ነገር እንግሊዝ አገር የሚናገረው ሰው የለም። ይዞ መገኘትን የሚናገረው «ሃቭ» ወደ ፓሲቭ አይዞርም፤ ማንም በማንም ላይ የሠራው ነገር የለማ። እስኪ «አለ» የሚለውን ግስ ተደራጊ አድርጉልኝ። አርባ አራቱን ታቦት በማን ልታስደርጓቸው ነው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለቱ ማርክ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ይህንን የሚማሩት እንደ ሒሳብ ቀመር ነው። ኦብጀክቱን ወደ ፊት አምጣ፣ ሰብጀክቱን ወደ ኋላ ውሰድ፣ «ቢ» ጨምር፣ ግሱን ቪ ስሪ፣ ማለትም ሦስተኛው መልኩ፣ አድርግ፣ «ባይ» ለጥፍ፣ አለቀ። ለምን? መቼ? ማን ሲናገር? አይነገራቸውም። ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ሲገለብጡ ይውሉና አንዱን እንኳ የት እንደሚናገሩት አያውቁም።

እንግዳ ይዤ በግቢው በር ስገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በትልቁ ግንብ ላይ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ባሉት ክብ ማማዎች። አንገቱን ቀና አድርጎ በቆመበት ሰዓት እኔ አፌን የምከፍተው በግንቡ ነው። «ዚስ ካስል ዋዝ ቢልት ባይ ኢምፐረር ፋሲለደስ» እላለሁ። ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ስለሆነ ድንጋዩ ይቀድማል፣ ንጉሡ ይከተላሉ። ጥቂት ራመድ ብለን ጥላ ስር ስንቆም ደግሞ ወሬው ስለ ሰውየው ይሆናል፤ በፈረንጆቹ 1636 ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ፣ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ እያልኩ እቀጥላለሁ። ያኔ ዓረፍተ ነገሬ ሁሉ አክቲቭ ነው። የማወራው ስለ እሳቸው ነዋ! ቀመር አላሰብኩም፣ ማንንም አልገለበጥኩም። ስለ ማን እንደማወራ ስለማውቅ አፌ ራሱ ይመራኛል።

አፄ ኢያሱ ካሠሩት ግንብ ስንደርስ ጣሪያ የለውም። «ኢት ዋዝ ቦምድ» ብዬ ዝም ብል እንግዳው «ባይ ሁ?» ማለቱ አይቀርም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1941፣ ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ከእኔ ጋር የዞረ እንግዳ አብዛኛው ጣሊያን ያፈረሰው ይመስለዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ባይ ዘ ብሪቲሽ» የግድ ነው፤ ብተወው ታሪክ አጣመምኩ ማለት ነው። በ1880 ዓ.ም. ስለተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ሳወራም «በደርቡሽ» የሚለውን አልተወውም። መስኮቱ ላይ ግን «ባይ ሳምዋን» ምንም አይጨምርም። ልጄ ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች፣ ስላወቀችም ተቀጣች።

ደግሞ እኮ እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም! አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የግዕዙን ግስ አምስቱን አዕማድ ሲቆጥሩ አሁንም በጆሮዬ ይሰማኛል፤ ቀተለ፣ አቅተለ፣ ተቀትለ፣ ተቃተለ፣ አስተቃተለ። ገደለ፣ አስገደለ፣ ተገደለ፣ ተጋደለ፣ አጋደለ። አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የሚማር የቆሎ ተማሪ ይህንን ለይቶ ያውቃል። እንግሊዝኛው ሁለት መልክ ይዞ ሲመጣ እኛ አምስት ይዘን ነው የምንጠብቀው። «አፄ ፋሲል ግንቡን ሠሩ» እንኳ አንልም፣ «አሠሩ» ነው የምንለው፤ ንጉሥ ኖራ አያቦካም። እንዲህ ያለ ሀብት አፉ ውስጥ ያለውን ልጅ ምነው ከዚያ ጀምራችሁ ብታስተምሩት?

ከዚያ ቢጀመር እኮ የሚያሳስተንም ነገር ይታይ ነበር። በአማርኛ «ተ» ያለበት ግስ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። ተማርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ተጫወትኩ፤ እነዚህን ሁሉ ያደረግኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ልጁ ግን «ተ»ን ሲያይ «ዋዝ» ይጨምራል። «አይ ዋዝ ለርንድ» ይላል። «አደጋው ተከሰተ» ለማለትም «ዘ አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ» ይላል። «ተወለድኩ» ላይ ሲደርስ፣ «ዋዝ» በእርግጥ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ «አይ ቦርን ኢን ጎንደር» ብሎ ይዘለዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። የልጄን ደብተር ገልጬ አየሁ፤ በጻፈችው አንቀጽ ውስጥ «ዋዝ ሃፐንድ» የሚል አለ፣ ቀይ ራይት ተደርጎበት አልፏል። ትክክሉ ላይ ኤክስ፣ ስህተቱ ላይ ራይት!

እኔም ይህንኑ ስህተት ይዤ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። በመጀመሪያው ዓመቴ ለአንዲት አሮጊት እንግዳ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሳወራ «ዋዝ ሃፐንድ» አልኳቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። አልሳቁብኝም። የግንቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉና አንዲት ጠጠር አንሥተው ለቀቁዋት። «ወደቀች» አሉ። መልሰው አንሥተው ወረወሩዋት። «ተወረወረች፤ እኔ ወረወርኳት። ሲወድቅ ወርዋሪ አያስፈልግም፣ ሃፐንም እንደዚያ ነው» አሉኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሼ ያላገኘሁትን በአንዲት ጠጠር አገኘሁት። ያን ቀን ደስ አለኝ፣ ማታ ግን አልቅሻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቋንቋ የማይገባኝ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበርና።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህሩ ወጣት ነው፣ ፊቱ ላይ ድካም አለ። የስድሳ ምናምን ልጅ ወረቀት እንደ ድርቆሽ ከፊቱ ተከምሯል። እሱን ልወቅስ አልመጣሁም፣ ሲናገርም አክብሮኛል።

«መምህር፣ ይህ መልስ ምን ጎደለው?» አልኩት።

አየውና «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን የመልሱ ወረቀት፣ አንሰር ኪው ላይ እንደዚህ ተብሎ ነው የተቀመጠው» አለኝ።

«ማን አዘጋጀው?»

«ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።»

«ከየት?»

«ለሁሉም ክፍል ነው የተላከው።»

«ታዲያ ስህተት ካለው ማን ያርመዋል?»

«ከተሰጠው ውጭ እንዳይታረም ተብሏል።»

ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ። ተቀመጠ፣ ተዘጋጀ፣ ተላከ፣ ተባለ። አራት ጊዜ ተመለሰልኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አድራጊ አልተጠራም። ልጄ የማይታወቅ ሰባሪ ስላልጠራች ሁለት ማርክ ተቀነሰባት። እዚህ ግን አንድ የሚታወቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን መልስ ጽፎታል፣ ስም አለው፣ ወንበር አለው፣ እሱ ግን አይጠራም። መምህሩም የሚያውቀው አይመስለኝም፤ እሱም እንደ እኔ «ተባለ» የተባለ ሰው ነው።

የፓሲቭ ዋናው ትምህርት እዚህ ነበር እኮ! ተደራጊ ግስ አድራጊውን የመሰወር ጉልበት አለው። «ማመልከቻዎ ታይቶ ውድቅ ተደርጓል» የሚል ደብዳቤ ተቀብላችሁ ታውቁ የለ? ማን አየው፣ ማን ጣለው፣ ይግባኙስ ለማን ነው? ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያይ «በማን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነው የምፈልገው። ጠያቂ ልጅ ደግሞ የሚወጣው «ባይ» መቼ እንደሚቀር፣ መቼ እንደማይቀር ሲማር ነው። ሁልጊዜ ለጥፍ የተባለ ልጅ ደብዳቤው ላይ ጭራው መጉደሉን ከየት ያውቀዋል?

መምህራን ሆይ፣ ስታስተምሩ ውላችሁ ማታ ወረቀት እንደምታርሙ አውቃለሁ። እህቴም መምህርት ናት፣ ኑሮዋን አያለሁ። ግን እባካችሁ፣ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ከምታስገለብጡ አምስቱን ወስዳችሁ «ይህን የሚናገረው ማን ነው? ዓይኑ ያለው ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ጎንደር ላይ ምሳሌ አይጠፋም። ጥምቀተ ባሕሩን ማን ሞላው? ጃንተከል ዋርካ ስር ማን ተሰቀለ፣ ማን ሰቀለው? ልጆቹ ይንጫጩ፣ ይከራከሩ። «ድመቷ አይጧን በላች፣ አይጧ በድመቷ ተበላች» እያሉ ዓመት ከሚጨርሱ ይሻላል።

ልጄ ትናንት ማታ «አባዬ፣ ከአሁን በኋላ ሁሌም ባይ ሳምዋን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ጻፊ ብላት የምታውቀውን ላስረሳት ነው፣ አትጻፊ ብላት ማርኳን ላስቀንስ ነው። «ለፈተናው እንዳሉሽ፣ ለራስሽ እንዳወቅሽው» ብያት ተኛን። እኔ ግን ስገላበጥ አደርኩ። ለልጅ የሚሰጥ መልስ ነው ይሄ?

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ቀጠሮ የሰጡኝ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን ጠይቄ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ።